የጥሩዬን ልጅ ክርስትና ማን ታንሳት?

በአንድ ወቅት ከዩኒቨርሲቲ ለተግባር ልምምድ የተላኩ ሦስት ሴቶች በአንዲት ትንሽ ከተማ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ወይንሸት፣ ቤዛዊትና እታለም ይባላሉ። የሚማሩት ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ የአእምሮ ጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት። ጭንቅ የያዘውን ሰው መርዳት በሉት።

እዚያው ግቢ ጥሩዬ የምትባል አራስ ነበረች። ሴት ልጅ ወልዳ ማቀፍ ፈራች። አማቷ እማማ ደብሪቱ «ዓይን ነው፤ ያልፋል» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ጥሩዬ ወይንሸትን ጠራቻት። «እትዬ፣ ለሰው እንዳትነግሪብኝ። ልጄን ወንዝ ጣያት ጣያት ይለኛል።»

«አልነግርም» አለች ወይንሸት። ነፍስ የሚያሰጋ ምስጢር እንደማይያዝ ተምራለች፤ ግን አራስ ስታለቅስ አይታ አፏ ቀደማት። ወጥታ ለእማማ ደብሪቱ ነገረች። ሕፃኗን ከእናቷ ለይተው አተረፏት። ወሬው ግን ግቢውን አለፈ፤ ጎረቤት ፈርቶ መምጣት ተወ። ጥሩዬም ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣትም።

ቤተሰቡ ጠበል ሊወስዳት ሲነሳ ቤዛዊት ገባችበት። «ጠበሉንም ትጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ትዋጥ» ብላ ቄሱን አስማማች፤ ሆስፒታልም ወሰደቻት። እንቅልፍ መጣላት፤ ያ ክፉ ሐሳብ ራቀ። ቤዛዊት ግን ከራሷ አውጥታ «እስክትድኚ አታጥቢ» ብላት ነበር፤ ለጥንቃቄ ብላ ነው እንግዲህ። ጡቷ ደረቀ። ሐኪሙ ኋላ ሲሰማ «እኔ መች አታጥባ አልኩ?» አለ።

አራስ ብቻዋን አትተውም አይደል? ጎረቤት ሲቀር እታለም ሄዳ ተቀመጠች። ጨርቅ ታጥባለች፣ ልጅ ታዝላለች፣ አጥሚት ታፈላለች። ተናገሪ ብላ አላስጨነቀቻትም። አንድ ቀን ጥሩዬ ቀምሳ፣ «አጥሚትሽማ ውሃ ነው» አለች። እታለም ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። በዚህ መሃል ግን ፈተናው አመለጣት፤ ትምህርቷ እዚያው ቀረ። ሕፃኗም የእሷን ጀርባ ለመደች። እናቷ ስታቅፋት ትጮኻለች።

ሰማንያ ቀኗ ደረሰና ክርስትና ልትነሳ ሆነ። ክርስትና እናት ደግሞ አንዲት ናት። ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«እኔ ባልናገር የምትጠመቅ ልጅም የለች» አለች ወይንሸት።

«እናቷስ ቆማ የመጣችው በምን ሆነና?» አለች ቤዛዊት።

«ይሄን ሁሉ የተማራችሁት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ልትጨቃጨቁ ነው?» አሉ እማማ ደብሪቱ።

እታለም ማዘያዋን አጠበቀች። ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

ጥሩዬ ሦስቱንም አየቻቸው። ለወይንሸት ልስጥ ስትል ያ የወጣ ምስጢሯ ትዝ አላት። ለቤዛዊት ስትል ደረቷን ነካች። ለእታለም ብሰጥ ደግሞ ልጄ ጭራሽ የእኔ አትሆንም ብላ ሰጋች። ቄሱ «በሉ፣ ማን ትያዛት?» አሉ።

እናንተ የወለዳችሁ፣ እስኪ ፍረዱ። ልጅቷን ማን ታንሳት?