ለማጭድ ያልደረሰው ሣር

«ተረት ተረት!»

«የለምለም መሬት!»

እንግዲህ ተጠጉ። አንቺ ልጅ፥ እግርሽን ሰብስቢ፤ ለታናሽሽ ቦታ ልቀቂለት። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሣር ነው። ስለ ሣር ደግሞ ምን ይወራል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደናንተ ትንሽ ሳለሁ ብዬ ነበር።

በድሮ ዘመን፥ በአንድ ደጋ አገር፥ አንድ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ግቢው ሰፊ ነው። ክረምት ሲወጣ ሣሩ የሰው ወገብ ይደርሳል። እባብ ይተኛበታል። አንድ ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ልታስቀድስ የመጣች ሙሽራን እባብ ነደፋትና ለጥቂት ተረፈች። ከዚያም የአገሩ ሰው መከረና ደቦ አቋቋመ። በየዓመቱ ከበዓሉ በፊት ወንዶቹ ማጭዳቸውን ስለው ይመጣሉ። ግቢውን ያጭዳሉ። አጫጆቹን ደግሞ በየተራው አንድ ቤት ያበላል፥ ያጠጣል። የዚያን ቤት ጠላ የቀመሰ ሁሉ፥ ሰኔ ሲመጣ በሬውን ጠምዶ ለዚያ ቤት ያርሳል። ደግ ሥርዓት ነበር።

በዚያ አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞተና እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀበረ። ልጅም በሬም አልነበራትም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ የመቃብሩን አፈር ያጥበዋል። እሷም ከወንዝ ዳር ሰርዶ ነቅላ አመጣችና አፈሩ ላይ ተከለችው። ሰርዶን ታውቁት የለም? ያ መሬት ለመሬት የሚሄደው፥ ከቁርጭምጭሚት የማያልፈው። ሰርዶው ያዘ። ከዚያም ከመቃብሩ ወረደና ወደ ደጀ ሰላሙ ሄደ። ሰው ሲረግጠው ይብስበታል እንጂ አይሞትም። በስድስተኛው ክረምት ግቢው ሁሉ ሰርዶ ሆነ። ረጅሙ ሣር ቦታ አጣና ጠፋ። እባቡም መደበቂያ አጣና አገር ለቀቀ። ሰርዶው ለሚሰግድ ሰው ግንባር ምንጣፍ ሆነለት።

ታዲያ ደቦው ቀረ? ኧረ ምን ሲደረግ!

በየዓመቱ ሃያ ሁለት ወንዶች ማጭዳቸውን ስለው ይመጣሉ። ይሰለፋሉ። ያዜማሉ። ጎንበስ ይሉና ማጭዱን በአየር ላይ ሽው ሽው ያደርጉታል። ቤተ ክርስቲያኑን አንድ ጊዜ ይዞሩታል። ከዚያም ላባቸውን ይጠርጋሉ። ላብ ባይኖርም ይጠርጋሉ። ከዚያ ወደ ባለተራው ቤት ሄደው እስኪመሽ ይበላሉ፥ ይጠጣሉ። የደቦው አለቃ አያ ሽታሁን ይባላል። ትልቅ ሰው ነው፤ ትልቅነቱ በሆዱም ጭምር ነው። እሱም ዋንጫውን ይዞ በየዓመቱ፦ «ዘንድሮስ ሣሩ በርትቶብን ነበር!» ይላል። ሌሎቹም፦ «እውነት ነው፥ በርትቶብን ነበር» ይላሉ።

አንድ ዓመት ተራው አንጓች ዘንድ ደረሰ። በዚያ ዓመት ማሳዋን በረዶ መትቶባት ነበር። ያተረፈችው አንድ ጎታ ገብስ ብቻ ነው። እሱንም ለሰኔ ዘር ብላ ከድናዋለች። የዕለት ጉርሷን የሰው ጥጥ እየፈተለች ታገኛለች።

አያ ሽታሁን መጣና ደጇ ላይ ቆመ፦

«አንጓች፥ እንኳን ደስ አለሽ! ዘንድሮ አጫጆቹ ያንቺ ናቸው። አንድ ጋን ጠላ ብቻ ነው። ምግቡ እንደ አቅምሽ ይሁን፤ ብቻ እንዳያንስ።»

«አያ ሽታሁን፥ ምኑን ነው የምታጭዱት?»

«ሣሩን ነዋ!»

«የቱን ሣር?»

«አንቺ ሴትዮ፥ ደቦ ለሣር ብቻ ይመስልሻል? የአባቶቻችን ሥርዓት ነው! ሥርዓቱን ካጎደልሽ በሰኔ በሬ አምጡ ብለሽ እንዳትጠሪን።»

«ያለኝኮ የዘር ገብስ ነው። እሱን ጠምቄ ካጠጣኋችሁ በሰኔ መጥታችሁ ምኑን ትዘሩልኛላችሁ?»

አያ ሽታሁን ትንሽ አሰበ። ከዚያም፦ «እሱን በሰኔ እናየዋለን» አለና ሄደ።

አንጓች ተቀመጠች። ዘሩን ብትጠምቀው የምትዘራው የለ። ባትጠምቀው የሚያርስላት የለ። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አደገደገችና ወደ ሚካኤል ሄደች፤ ተሳልማ ስታበቃ ወደ ቄሰ ገበዙ ወደ አባ ዋሴ ቀረበች። የቤተ ክርስቲያኑ ንብረትና ግቢ በእጃቸው ነው። ነገሯን ሁሉ ነገረቻቸው።

አባ ዋሴም፦ «ልጄ፥ እኔም ሳስበው ቆይቻለሁ። ነገር ግን የአባቶች ሥርዓት ነው። እንዴት አድርጌ ልሻረው?» አሏት። እርግጥ የመጀመሪያውን ዋንጫ የሚባርኩት እሳቸው ነበሩ። የባረኩትንም ይጠጡታል።

«የለም አባቴ፥ ይሻር አላልኩም። ይፈጸም ነው የምለው።»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«እናቴ ስትነግረኝ፥ ድሮ አጫጁ ያጨደውን ሣር አስሮ በግቢው በር ድንጋይ ላይ ያኖር ነበር። ዋንጫው የሚሞላለትም በእስሩ ልክ ነበር። እውነት ነው አባቴ?»

አባ ዋሴ ፂማቸውን ዳሰሱ። «እውነት ነው! ዲያቆን ሳለሁ አይቻለሁ። ለሙሉ ሸክም ሙሉ ዋንጫ፥ ለግማሹ ግማሽ። መቼ እንደ ቀረ እንጃ።»

«እንግዲያው በኔ ተራ ሥርዓቱ ሳይጎድል ይፈጸምልኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ዋሴ ቆሙና፦ «ዘንድሮ የአባቶች ሥርዓት ሳይጓደል ይፈጸማል!» አሉ። አያ ሽታሁን ቀሪውን ሳይሰማ፦ «ይፈጸም! ይፈጸም!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም፦ «ይፈጸም!» አሉ። ከዚያም የእስሩን ነገር ሰሙ። ግን አንድ ጊዜ ብለዋል።

የአጨዳው ቀን ደረሰ። አባ ዋሴ በበሩ ድንጋይ አጠገብ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ። ወንዶቹ ጎንበስ አሉ። ዘንድሮ የምራቸውን ነው። ማጭዱ ሰርዶው ላይ ይንሸራተታል። አንዱ ሲጫን ድንጋይ ነካና የማጭዱ ጥርስ ረገፈ። አንዱ በእጁ ሊነቅል ሞከረና ቂጡ ላይ ቁጭ አለ። ዜማው ቆመ። ፀሐዩ ከረረ። ያን ጊዜ የእውነት ላብ መጣ። እስከ ቀትር ድረስ የአያ ሽታሁን እስር የሕፃን ቁንጮ ታህል ነበር።

ከወዲያ ማዶ አንዱ፦ «አያ ሽታሁን፥ ፂምህን ጨምርበት!» አለው።

«ያንተ ራስ በራ ባይሆን ኖሮ ካንተ እጀምር ነበር!»

ይህን ጊዜ ገረመው የሚባል ብልጥ ሰው ሹልክ ብሎ ጠፋ። ቆይቶ ትልቅ ሸክም ሣር ተሸክሞ መጣና ድንጋዩ ላይ ዘፍ አደረገው። ሁሉም አፋቸውን ከፈቱ። አባ ዋሴ ሣሩን ዳሰሱት። እጃቸው ጠቆረ።

«ገረመው ልጄ፥ ይህ ሣር ጥላሸት አለበት። ግቢያችን ውስጥ እሳት ይነዳል እንዴ?»

ወዲያው የገረመው ሚስት ከመንገዱ እየጮኸች ደረሰች፦ «ኧረ አገር ይፍረደኝ! ቤቴን አጨደው! የጎጆዬን ክዳን አጨደው! ምድጃዬ ላይ ሆኜ ሰማይ ይታየኛል!»

ሣቁ እስከ ወንዙ ተሰማ ይባላል።

ወደ ማታ ላይ ሁሉም እስር እስራቸውን አኑረው ወደ አንጓች ቤት ሄዱ። አንጓች ከሁለት እፍኝ ገብስ በትንሽ ማሰሮ ጠላ ጠምቃለች። ድንችም ቀቅላ በጨው አቅርባለች። አባ ዋሴ ማሰሮውን ባረኩና የየሰዉን እስር ልክ ነገሯት። እሷም መሶቡ ላይ ሃያ ሁለት የእንቁላል ቅርፊት ደረደረች። በየቅርፊቱ ጠላ ቀዳች። አልሳቀችም፥ አላሾፈችም። «ጠጡ ወንድሞቼ፤ በላባችሁ ያገኛችሁት ነው» አለች። ለገረመውም ቀዳችለት፤ የሱም ሸክም ሸክም ነው ብላ።

አያ ሽታሁን ቅርፊቱን በሁለት ጣቱ ይዞ አየው። «ይህን ካልቀመስኩ በሰኔ የሚጠይቀኝ የለም» ብሎ አሰበ። ሌሎቹም እሱን እያዩ ነው። እሱ ቢያስቀምጠው ሁሉም ያስቀምጣሉ። አንጓች የምታየው ጎታዋን ነው።

ግን አያ ሽታሁን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሏል። ምላሱ ከላንቃው ተጣብቋል። የጠላው ሽታ አፍንጫው ገባ። አንዴ አባ ዋሴን አየ፥ አንዴ ቅርፊቱን አየ፥ ከዚያም ጭልጥ አደረገው። ጉንጩን እንኳ አልሞላለትም። የቀሩት ሃያ አንዱም ጨለጡ።

ሳያስበውም፦ «ድገሚኝ» አለ።

አንጓችም፦ «ምን ገዶኝ አያ፤ ሣሩ እንደሆነ እዚያው ነው» አለችው።

መጀመሪያ አባ ዋሴ ሣቁ። ከዚያም ሁሉም። መጨረሻ ላይ አያ ሽታሁንም ሆዱን ይዞ ሣቀ።

ሰኔ መጣ። ቀምሰዋልና ቀሩ አይባልም። ሃያ ሁለቱም በሬያቸውን ጠምደው መጡ፤ የገረመው ቤት ከተከደነ በኋላ ማለት ነው። የአንጓች ዘር ከጎታው ወጥቶ መሬት ገባ። እግዚአብሔርም በዚያ ዓመት በረዶውን ያዘላት። ገብሱ ሲወቃ ማንም ሳይጠይቃት አንድ ጋን ሙሉ ጠመቀች። የለፋው ሁሉ በዋንጫ ጠጣ።

አያ ሽታሁንስ? አያ ሽታሁን እስኪያረጅ ድረስ ለእንግዳ ሁሉ ግቢውን እያሳየ፦ «ይህን ሰርዶ ከወንዝ ዳር አምጥቼ የተከልኩት እኔ ነኝ» ይል ነበር። አንጓች ብትሰማውም ጥጧን መፍተሏን ትቀጥላለች። የአጨዳው ደቦ ከቀረ በኋላም፥ ሥርዓት አፍራሽ እንዳይባል የኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ ማጭዱን ይስላል። ብቻውን ይመጣና ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራል። ጎንበስ ብሎ ሰርዶውን በጣቱ ይለካዋል። ከዚያም አባ ዋሴን፦ «አባቴ፥ ዘንድሮም አልደረሰም» ይላቸዋል።

አባ ዋሴም፦ «እንግዲህ ለከርሞ፥ ልጄ» ይሉታል።

ተረቴ ወደ ቤቱ ገባ፤ እኔም ከነረሃቤ ቀረሁ። ሳታሳጭዱ አጉርሱኝ፤ በእንቁላል ቅርፊት ግን አይሁን።