በስልክ የተለቀሰ ለቅሶ

ይህን ያወጉኝ የጓሮ ጎረቤታችን እትዬ አበዙ ናቸው። እኔ ገበያ ወርጄ አመለጠኝ እንጂ፣ እሳቸውስ ራሳቸው ነጠላ አዘቅዝቀው የገቡበት ጉድ ነው።

አንድ ቀን፣ ክረምቱ መንገዱን ቆርጦ አውቶቡስ የቀረ ጊዜ፣ የኛዋ የመካነ ሰላሟ አትጠገብ አዲስ አበባ ላለ ኮሌጅ የቲያትር ትምህርት መግቢያ ፈተናውን በስልክ እንድትፈተን ተፈቀደላት። በቪዲዮ ነው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ። ልጅቱ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አካሄድና አነጋገር ስትቀዳ ያደገች ናት። ይህ ካልተሳካ ግን አባቷ ከአጎቷ ሱቅ ሊያስቀምጧት ቆርጠዋል። እናም በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ስልኩን ሳጥኑ ላይ ከስኳር ጣሳ አስደግፋ ቆመች።

ፈታኙ መምህር ንጋቱ ገና ሲያዩዋት ፊታቸውን አጨማደዱ። ቲያትር አይተሽ ታውቂያለሽ ቢሏት፣ ከተማችን አዳራሽ የለውም አለች። ተዋናይ በስልክ አይመዘንም፣ ስሜት በስልክ አያልፍም እያሉ ብዙ ካስረዷት በኋላ፣ በይ የልጇን መርዶ አሁን የሰማች እናት ሁኚ አሏት።

አትጠገብ ጎረቤት እንዳይደነግጥ ብላ ቀስ ብላ ተንሰቀሰቀች።

«ይሄ ጉንፋን ነው» አሉ መምህሩ። «ሐዘኑ እኔ ጋ አልደረሰም። አንዴ ልይሽ፣ ካልሆነ ሌላ ተፈታኝ ልጥራ።»

እንግዲያውስ አለችና ለቀቀችው። ደረቷን እየደቃች፣ ልጄን፣ ልጄን እያለች መሬት ላይ ተዘረረች።

እንግዲህ የኛ ሰፈር ነገር ይታወቃል፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ኋላ ነው። እትዬ አበዙ አንድ እግራቸውን ተጫምተው አንዱን ረስተው በሩን በርግደው ገቡ። ጋሽ መንበሩ ቆባቸውን አውልቀው ወይኔ ወይኔ እያሉ ግድግዳ ሥር ቁጭ አሉ። ቤቱ ወዲያው ሞላ። አንዷማ ጭራሽ ሙሾ ታወርድ ጀመር፤ ሟቹን ስለማታውቀው ስሙ ጋ ስትደርስ እየዘለለች።

መምህሩ ተቆጡ። «ብቻሽን ተፈተኚ አልተባለም? አጃቢ ሰብስበሽ ልታሞኚኝ ነው? ለነገሩ አሁንም እኔ ጋ አልደረሰም።»

አትጠገብ ብድግ ብላ እንባዋን ጠረገች።

«መምህር፣ እነዚህ አጃቢ አይደሉም፣ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ የጠራቸውም የለም። ለቅሶዬ የጭቃ ግድግዳ አልፎ እነሱ ጋ ደርሷል። እርስዎ ጋ ካልደረሰ ኔትወርኩን ይጠይቁልኝ።»

ይሄኔ ጋሽ መንበሩ ልጅቱ ከማን ጋር እንደምትነጋገር ልብ ብለው፣ ሟቹ የማን እንደሆነ የገባቸው መሰላቸው። ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ ቆባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣

«ጌታው፣ ለካ ሐዘኑ የእርስዎ ነው» አሉ። «እግዜር ያጽናዎት።»

መምህር ንጋቱ ሳያስቡት «አሜን» አሉ።

አትጠገብ ፈተናውን አለፈች፤ አሁን እዚያው ኮሌጅ ትማራለች። የሚያስተምሯት መምህር ንጋቱ ናቸው። ጋሽ መንበሩ የሰውየውን ሐዘን ዛሬም ይጠይቃሉ። እትዬ አበዙ እንባዬን በከንቱ አስፈሰሰችኝ ብለው ልጅቱን አኩርፈው ሰነበቱና፣ የሄደች ዕለት የእውነታቸውን አለቀሱ።