ከመጋረጃው ጀርባ የተቀመጠችው አንበሲት

እኔ ተረት አለኝ፤ እናንተ ጆሮ አላችሁ? እንግዲያው ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ በሮም ዱር፣ አንዲት አንበሲት ነበረች። ባሏ ንጉሡ ሲሞት ለምናም አስፈራርታም ትንሹን ደቦሏን አነገሠችው። የአገሩ ደንብ ግን እንስት ከሸንጎ አትቀመጥም ይላል። አንበሲት ምን ቸገራት፤ ከዙፋኑ ጀርባ መጋረጃ አሰቀለችና ከኋላው ተቀመጠች። የልጇ ጅራት በመጋረጃው ሥር ያልፋል። አንዴ ሳብ ስታደርገው «እሺ» ይላል፤ ሁለቴ ስትስበው «ከወንዙ ማዶ ይሂድ» ይላል፤ ከዚያ የተሰደደ አይመለስም።

መጀመሪያ የደቦሉ አጎት ቀረበና «ልጁ እስኪያድግ ላግዘው» አለ። ሁለቴ ሳበች። አጎትየው በታንኳ ተሻገረ። ማታ ደቦሉ «እማዬ፣ አጎቴን እኮ እወደው ነበር» ብሎ አለቀሰ።

እንባውን ላሰችለትና «ዝም በል የኔ ልጅ። ለዙፋንህ የሚያሰጋህን፣ ብትወደውም ስደደው» አለችው።

መጋረጃው ይህን ሰምቶ «እመቤቴ፣ ልጁ እኮ እየተማረ ነው» አላት።

«ይማራ፤ እኔስ ምን እያልኩ ነው» አለች።

ቀጥሎ የአባቱ ልጅ፣ አብሮት ሲላፋ ያደገው ወንድሙ መጣና «ከአጠገብህ ልቀመጥ» አለ። ደግሞ ሁለቴ ሳበች። ወንድምየውም ተሻገረ።

መጋረጃው «እመቤቴ፣ ዛሬ አላለቀሰም» አላት።

«ጎበዝ ወጥቶልኛል» አለችና ደስ ብሏት ተኛች።

ዓመታት አለፉ፤ ደቦሉ ጎፈር አወጣ። አንድ ቀን ቀበሮ ከሸንጎው ቀረበና «ንጉሥ ሆይ፣ አገሩ ሁሉ የምትገዛን እናቱ ናት እያለ ያማል» አለ። አንበሲት ጅራቱን ልትስብ እጇን ሰደደች። ጅራቱ የለም። ልጇ ጠቅልሎ ተቀምጦበታል።

«ከወንዙ ማዶ ትሂድ» አለ።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «ልጄ፣ እኔ እኮ እናትህ ነኝ።»

«አውቃለሁ እማዬ፤ እወድሻለሁም» አላት፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ብትወደውም ስደደው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ወንዙ መሐል ሲደርሱ ታንኳው «እመቤቴ፣ አጎትየውም ወንድምየውም እርስዎን እየረገሙ ነው የተሻገሩት። እርስዎስ ማንን ይረግማሉ?» አላት።

አንበሲት ዞራ ዳሩን አየች። ልጇ ሊሸኛት አልወጣም።

«ማንንም» አለች። «ያን ማታ ስለ አጎቱ ሲያለቅስ፣ ምነው ዝም በል ባላልኩት። ምነው አብሬው ባለቀስኩ።»

ታንኳው አሻገራት።

ይኸው፣ የሰማሁትን ለእናንተ አስረከብኩ። ልጃችሁ ለሌላው ሲያለቅስ እንባውን ለማድረቅ አትቸኩሉ፤ አንድ ቀን ለእናንተም የሚያለቅሰው በዚያው ዓይን ነው።