ታች የሚቆመው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ የመብራት ምሰሶ ላይ እየወጣ የሚሠራ። ሃያ ሁለት ዓመት ወጥቶ ሃያ ሁለት ዓመት በሰላም ወርዷል።

ስንቅነሽ ልጄ፣ የጠየቅሽኝን ረስቼ አይደለም። የከተማችንን መብራት አገልግሎት ከተረከብሽ ሰባት ወርሽ ነው። ሠራተኞችሽ «ከፍተኛ ቴክኒሽያን የሚባል የሥራ መደብ ይከፈትልን» ብለው ጽፈውልሻል። አንቺም «ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ስም ምን ያደርጋል?» አልሽኝ። እኔ የምሰሶ ጉድጓድ ከመቆፈር ተነሥቼ ቦርድ ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ሳልቆጥር አልመልስም።

ሰውየው የሚኖርባት ከተማ የራሷ የመብራት ድርጅት ነበራት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ምሰሶ፣ ዘጠኝ ትራንስፎርመር፣ አሥራ አንድ ቴክኒሽያን፣ አንድ ሥራ አስኪያጅ። በቴክኒሽያኖቹና በሥራ አስኪያጁ መካከል ማንም የለም። አምና የተቀጠረውም ሃያ ሁለት ዓመት የሠራውም እኩል ነው። የዕለቱን የሥራ ትዕዛዝ በተራ ይይዛሉ፤ ወረቀቱን የያዘው ተረኛ ይባላል፤ ያን ቀን የሚሰማው የእሱ ቃል ነው። ደንቡን ያወጣው ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አልነበረም። ማንም ማንንም እንዳይንቅ ብሎ ነው።

ከወረቀቱ ሌላ ሠራተኞቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ከትራንስፎርመሩ ሥር ካለው ሳጥን ሦስቱን ፊውዞች በእጁ ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ፊውዞቹ ኪሱ እስካሉ ድረስ ሽቦው ሙት ነው፤ እሱ ሕያው ነው። ይህን ለሁሉም ያስተማረ ያ ሰውዬ ነው። የትም አልተጻፈም።

አንድ የነሐሴ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ባሕር ዛፍ ጥሎ መስመር በጠሰ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች፤ የኦክስጅኑ ማሽን ቆመ። አራት ሠራተኞች በመኪና ለጥገና ሄዱ። ተረኛው ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ የሆነ፣ ፈጣንና ብልህ ሰው ነበር። ሰውየው ፊውዞቹን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ሁለተኛው በሚቀጥለው ምሰሶ ላይ ወጣ። ሰውየው ከላይ ሆኖ ሲያይ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሌላ ሽቦ ላልቷል፤ ሦስተኛውን ወደዚያ ላከው። ተረኛው ይህን አላየም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ከሥራ አስኪያጁ ጋር በስልክ ይነጋገር ነበር።

«ጨረሳችሁ?» ይላል ስልኩ በየደቂቃው።

«አሁን፣ ጌታዬ! አሁን!»

ሰውየውና ሁለተኛው ወረዱ። ተረኛው እጁን ዘረጋ።

«ጋሼ፣ ፊውዙን ያምጡ።»

«ሦስት ወጥተን ሁለት ወርደናል። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሰው አለ።»

«እዚያ ማንንም አላዘዝኩም። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት ምሰሶ ነው።»

«እኔ ነኝ የላክሁት።»

«እርስዎ በምን ሥልጣን ይልካሉ? ደግሞ መኪናው ጋ ቆሞ አይቼዋለሁ።»

«ቅድም ነው ያየኸው። አሁን ቁጠር።»

«ጋሼ፣ ዕድሜዎን አከብራለሁ። ዛሬ ግን ተረኛው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ እየሞተች ነው!»

ይህን ብሎ ከመኪናው ሌላ ሦስት ፊውዝ አወጣ። ልማዱ ኪስ ውስጥ ያለውን ፊውዝ ብቻ ነበር ያሰበው፤ መኪና ውስጥ ያለውን ማንም አላሰበም። ሁለተኛው ሠራተኛ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አየ። እሱም እኩል ነው፤ በማን ላይ ይናገር?

ያኔ ሰውየው ጓንቱን አወለቀ። ወደ ሳጥኑ ቀረበና ባዶ መዳፉን ወደ ወፍጮ ቤቱ በሚሄደው ሽቦ ጫፍ ላይ አሳረፈ።

«በል ክተት» አለ። «ከእሱ በፊት እኔን ያገኘኛል።»

ተረኛው ፊውዙን እንደያዘ ደረቀ። ስልኩ ጮኸ። ማንም አላነሣውም። ሁለተኛው ሠራተኛ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ዝናብ ጣለ። የሰውየው እጅ ከሽቦው አልተነሣም። ስልኩ እንደገና ጮኸ። በአራተኛው ደቂቃ ሁለቱ ሰዎች ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ብቅ አሉ፤ ሦስተኛው የመውጫ ቀበቶውን ከወገቡ ገና አልፈታም።

«ምን ሆናችኋል? ሽቦውን በእጄ ይዤ እኮ ነው የጠራችሁኝ» አለ።

ተረኛው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ሰውየው የኪሱን ፊውዞች አንድ በአንድ እየቆጠረ ከተተ። መብራት መጣ። እናቲቱም ልጇም ተረፉ። እሱ ዕድል ነው፤ ከቁጥር አላገባውም።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ «የተረኛን ትዕዛዝ ተላልፎ ሥራ አጓተተ» የሚል ማስጠንቀቂያ አስጽፎ ሊፈርም ተቀመጠ። ደንቡ እንደዚያ ይላል። ብዕሩን አነሣና ቆም አለ። ደንቡ ቢከበር ኖሮ ዛሬ የሚፈርመው ለቀብር ፈቃድ ነበር። ደብዳቤውን ወደ ጎን ገፋ፤ አሥራ አንዱን ሠራተኞች አንድ በአንድ አስጠርቶ ለየብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«ምሰሶ ላይ ስትወጣ ታች ማን ቢቆምልህ ትወዳለህ?»

አሥሩ አንድ ስም ጠሩ። ከአሥሩ አንዱ ያ ተረኛ ነበር። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ ገባ።

«ለእኔ ያ ተረኛ ይቁምልኝ» አለ። «ከእንግዲህ ሳይቆጥር አያገናኝም።»

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ቀደደና በምትኩ አዲስ መደብ ጻፈ፤ ከፍተኛ ቴክኒሽያን። ከሥሩ ያሰፈረው ኃላፊነት አንድ መስመር ነበር፦ «እሱ ቁም ሲል እኔም እቆማለሁ።»

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሥራ አስኪያጅ አንቺ ነሽ፤ ብዕሩም በእጅሽ ነው። አንድ ሥራ ነው ያልሽው እኔ ስቆጥረው ሁለት ይመጣል፤ ምሰሶ ላይ መውጣት አንድ፣ «ቁም» ማለት ሁለት። ሁለተኛውን ዛሬም የሚሠራልሽ ሰው አለ። ስም ስላልሰጠሽው በባዶ መዳፉ ይሠራዋል።

«ሌሎቹ ቢያኮርፉስ?» ትያለሽ። አሥራ አራት ቴክኒሽያን አሉሽ። ለየብቻ ጥሪያቸውና ያንኑ ጥያቄ ጠይቂያቸው። አሥራ አራት ስም ከጠሩልሽ ተሳስቻለሁ፤ መደቡን አትክፈቺ። አንድ ስም ከደጋገሙልሽ ግን ፈርሚ፤ ሰውየው እጁን ከሽቦው ላይ ያንሣ።