የጋሽ ሽብሩ መኪና አልነሳም ያለች ዕለት

ተረት ልንገራችሁ። «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ የዚህ ተረት በረት ላም የለበትም፤ ያለችበት አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ናት።

አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሽብሩ የሚባል የታክሲ ሹፌር ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚያች መኪና እንጀራውን በላ። ሚስቱ ወይዘሮ አሰገደች መኪናዋን «ጣውንቴ» ነበር የምትላት፤ እውነቷን ነው፣ ሰውየው ያሻሸውና የጠረገው እሷን ነበር። አሁን ግን ሽብሩ አልጋ ላይ ነው። ሐኪሞቹ «ቤቱ ይረፍ» ብለው ሸኝተውታል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አሰገደችን አልጠፋትም። አንድ ማለዳ በቀጭን ድምፅ «አሰገደች፣ ድምጿን አንዴ ልስማው» አላት። እህል ከቀመሰ ሦስት ቀኑ ነው፤ የጠየቃት ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

አሰገደች ቁልፉን ይዛ ከመስኮቱ ሥር ወደቆመችው መኪና ወጣች። «መኪና ሆይ፣ ተነሺ፤ ባሌ ድምፅሽን ይስማ» አለቻት። መኪናዋም «አልነሳም፤ ካንዴላው እሳት ካልሰጠኝ በምኔ ልነሳ?» አለች።

ወደ ካንዴላው ዞረች። «ካንዴላ ሆይ፣ እሳት ስጣት። መኪናዋ አልነሳም አለች፤ ሽብሩ ድምጿን ልስማ አለ።» ካንዴላውም «አልሰጥም፤ ባትሪው ካልላከልኝ ከየት ላምጣ?» አለ።

ወደ ባትሪው ዞረች። «ባትሪ ሆይ፣ ላክለት። ካንዴላው እሳት አልሰጥም አለ፤ መኪናዋ አልነሳም አለች፤ ሽብሩ ድምጿን ልስማ አለ።» ባትሪው «አልልክም፤ ሆዴ ባዶ ነው፤ ሙክታር ይሙላኝ» አለ። ሆዱ ባዶ ቢሆንም ክብደቱ ክብደት ነው፤ ወገቧን ይዛ እያቃሰተች ባጃጅ ላይ ጫነችው።

ሙክታር ጋራዥ ውስጥ ባትሪ የሚሞላ ሰው ነው። «ሙክታር ልጄ፣ ሙላልኝ። ባትሪው አልልክም አለ፤ ካንዴላው እሳት አልሰጥም አለ፤ መኪናዋ አልነሳም አለች፤ ሽብሩ ድምጿን ልስማ አለ።»

ሙክታር ባትሪውን አገላብጦ አየና አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ ይሄ የድሮ ነው፣ ስድስት ቮልት። የዚህ መሙያ በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ጋሽ መኩሪያ ቆልፈውበታል። እሳቸው ሳይፈቅዱ ወላሂ አልሞላም።»

መኩሪያ የጋራዡ ባለቤት ነው። ከሽብሩ ጋር ከአንድ ሳህን የበሉ፣ አንድ መኪና ሥር የተኙ ወንድማማች ነበሩ። አራት ዓመት ሆነ፣ መንገድ ላይ ሲተያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። አሰገደች እግሩ ሥር ወደቀች። «ጋሽ መኩሪያ፣ ይፍቀዱለት። ሙክታር አልሞላም አለ፤ ባትሪው አልልክም አለ፤ ካንዴላው እሳት አልሰጥም አለ፤ መኪናዋ አልነሳም አለች፤ ሽብሩ ድምጿን ልስማ አለ። ሰውየው እኮ እየሞተብኝ ነው!»

መኩሪያ አነሳት፤ ፊቱ ግን አልፈታም። «አልፈቅድም። እናቴን ስቀብር አገር ሲያለቅስ ሽብሩ የት ነበር? ሽማግሌ ሁለቴ ልኬ ጠየቅሁት፣ ዝም አለ። ልቅሶ ያልደረሰኝን ሰው መኪና አላስነሳም። የት እንደነበረ ይንገረኝ።»

አሰገደች እያለቀሰች ቤቷ ገባች። «ሽብሩ፣ ንገረው። መኩሪያ አልፈቅድም አለ፤ ሙክታር አልሞላም አለ፤ ባትሪው አልልክም አለ፤ ካንዴላው እሳት አልሰጥም አለ፤ መኪናዋ አልነሳም አለች፤ አንተም ድምጿን ልስማ አልክ።»

«አልናገርም» አለ ሽብሩ። «ሀፍረቴ አይለቀኝም።»

ሀፍረትን ማን ለምኖት ያውቃል? መኪና ይለመናል፣ ባትሪ ይለመናል፤ ሀፍረት ግን ጆሮ የለውም። አሰገደች ተናደደች። «ታዲያ ሀፍረትህን ለማን ልታወርሰው ነው? ለእኔ?» አለችው።

በመጨረሻ ሽብሩ ተናገረ። የመኩሪያ እናት ያረፉ ዕለት ከሻሸመኔ ሲመለስ ነበር መርዶውን የሰማው። ጫማውን እንኳ ሳያራግፍ ሮጠ። ከመንደሩ መግቢያ ያየው ድንኳን ውስጥ «እናቴን! እናቴን!» እያለ ገብቶ ደረቱን መታ። ሰዉ አብሮት አለቀሰ፣ ደግፎ አስቀመጠው፣ ንፍሮ ሰጠው። ቀና ሲል የሟቹን ፎቶግራፍ አየ፤ ባለ ትልቅ ጢም አዛውንት ናቸው። የመኩሪያ እናት ድንኳን በታችኛው መንገድ ነበር። ተነስቶ መውጣት አፈረ። ሐዘንተኞቹም «እንዲህ የሚወዳቸው ማን ነው?» ብለው እስከ ሠልስት አልለቀቁትም። ሲለቁት የመኩሪያ ድንኳን ተነስቷል። ይህን ለማን ይንገር? የጋራዥ ሰው ሰምቶ ዕድሜ ልክ ሊስቅበት!

ሀፍረቱ ሽብሩን ለቀቀ፤ ሽብሩ እውነቱን ለቀቀ። አሰገደች ይዛው ሮጠች። መኩሪያ ሰምቶ ሳቀ፣ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰ። «አራት ዓመት! በአንድ ድንኳን አራት ዓመት!» አለ። መኩሪያ ቁልፉን ለሙክታር ሰጠ፤ ሙክታር ባትሪውን ሞላ፤ እስኪሞላም መኩሪያ አጠገቡ ተቀምጦ ጠበቀ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምጥቶ በገዛ እጁ ገጠመው። ባትሪው ለካንዴላው ላከ፤ ካንዴላው እሳት ሰጠ፤ መኪናዋ ሁለቴ ሳለች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ተነሳች።

ሽብሩ ጋቢው ላይ በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ቫልቯ ይንኳኳል» አለ።

«አስተካክለዋለሁ!» አለ መኩሪያ ከመሪው ላይ ሆኖ፣ እየጮኸ።

«እሱ ያውቅበታል» አለ ሽብሩ ለሚስቱ። ጣቱ ቆመ። አሰገደች እጁን እንደያዘች ጠበቀች፤ ትንፋሹ ወጣ፣ ተመልሶ አልገባም።

ውጭ መኩሪያ ነዳጅ ይሰጣል። «ሽብሩ፣ ትሰማለህ?»

አሰገደች ኡኡታዋን ዋጠችው። «ይሰማል ጋሽ መኩሪያ» አለች በመስኮቱ። «አያጥፏት።»

ቤንዚኑ እስኪያልቅ አላጠፋትም። መኪናዋ ዝም ስትል አሰገደች ጮኸች፤ ጎረቤቱም ተሰበሰበ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌንም በዳቦ ሳይሆን በንፍሮ አብሱ።