አህያዋ የተከራየችው ዋሻ

አንድ ጊዜ፣ ምንጩ በደረቀበትና ሣሩ አመድ በመሰለበት ቆላ፣ አንዲት አህያ አመዴ ከሚባል ውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። የአመዴ አባት ባለፈው በጋ በውኃ ጥም ሞቷል። ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ አገር ለቀው ሲሄዱ እሷ ዝናብ ይመጣል እያለች ቆየች። አመዴ ቆሞ መሄድ እያቃተው ሲመጣ ግን እሷም ተነሣች።

ወሬውን የነገራት ሽመላ ነው።

«ከወንዙ ማዶ አያ አንበሶ ትልቅ ግቢ እያሠራ ነው» አላት። «ድንጋይ ለሚያመላልስለት ሁሉ በየቀኑ አንድ ቁና ገብስ ይሰጣል። ጀርባ ያለው እንስሳ በሙሉ ወደዚያ እየጎረፈ ነው።»

አምስት ቀን ተጉዘው ደረሱ። አንበሳው ዙሪያዋን ዞሮ ጀርባዋን አየና «ትችያለሽ» አላት። «ሕጌ አንድ ነው። ፀሐይ ስትወጣ እዚህ ትገኛለሽ። ለዘገየ ገብስ የለም። ማደሪያሽን ደግሞ ራስሽ ፈልጊ።»

አህያዋ እጅ ነሥታ ወጣች። ቤት ፍለጋም ጀመረች።

ለግቢው ቅርብ የሆነው የወንዝ ዳር ሁሉ የከርከሮ ነበር። ከርከሮ በሾላዎቹ ሥር ጉድጓድ እየቆፈረ ያከራያል። ለአህያዋ ያሳያት ቦታ ጠባብ ነው፤ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ከተኙ መገላበጥ አይቻልም። በስተቀኝ አንዲት ሽማግሌ በቅሎ፣ በስተግራ አራት ግልገሎች ያሏት ፍየል ይኖራሉ። የግልገሎቹ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል።

«ኪራዩ ስንት ነው?» አለች አህያዋ።

«ከምታገኚው ግማሹ» አለ ከርከሮ፣ ከአፍንጫው ላይ ጭቃ እያራገፈ።

«ለዚች ጉድጓድ?»

«ለጉድጓዷማ ሩቡም ይበዛል። የማስከፍልሽ ቅርብ ስለሆነች ነው።»

አህያዋ ተናድዳ ወጣች። በቅሎዋ ከጎን ሆና ትሰማ ነበር።

«እትዬ በቅሎ፣ እርስዎ ይህን እንዴት ቻሉት?» አለቻት አህያዋ።

«አልቻልኩትም» አለች በቅሎዋ። «ገብሴ ግማሽ ነው፣ ሆዴም ግማሽ ነው። ግን ሥራ ስጨርስ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ጋደም እላለሁ። ሌላ ቦታ ካገኘሽ እሰየው፤ ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ። መንገዱን በጠዋት አትለኪው። ድንጋይ ስትሸከሚ ውለሽ፣ ማታ ሂጂበትና እይው።»

በሾላው ጥላ ሥር የተኛች መስላ ጆሮዋን ቀስራ የነበረች ቀበሮ ይህን ስትሰማ ብድግ አለች። ቀበሮ በዚያ አገር የቤት ደላላ ነበረች።

«እመት አህያ፣ ደግሞ በዚህ ጭቃ ውስጥ ልጅ ልታሳድጊ ነው?» አለቻት፣ አመዴን በዓይኗ እየለካች። «ተራራው ላይ ከአክስቴ የወረስኩት ዋሻ አለኝ። አሥር አህያ ያስተኛል። ደጁ ሜዳ ነው፤ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ኪራዩ በወር አንድ ቁና ብቻ ነው።»

«በወር? ይህን ያህል ለምን ረከሰ?»

«ሰነፍ ሁሉ ሩቅ ነው እያለ ስለሚሸሸው ነዋ። አንቺ ግን እግር አለሽ።»

«አንቺስ ገብስ ምን ያደርግልሻል? ሥጋ በል አይደለሽ?»

«ዶሮዎች አማልልበታለሁ» አለች ቀበሮ፣ ሳታፍር።

አህያዋ ሳቀች። ከቆላው ከወጣች ጀምሮ ስትስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጅብስ?» ብላ ጠየቀች።

«አያ ጅቦ? እሱማ ድሮ አገር ለቋል። አሁን የቀረው ስሙ ብቻ ነው።»

ዋሻውን ለማየት የወጡት ደመና በሸፈነው ቀን ነው። ቀበሮ በየዛፉ ሥር እያሳረፈች፣ የጎረቤት ሐሜት እያወራች፣ ሳይታወቃቸው ተራራው ጫፍ አደረሰቻቸው። እውነትም ዋሻው ሰፊ ነው። አመዴ ሜዳውን ሲያይ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ሮጠ፤ ወደቀ፤ ተነሥቶም ደግሞ ሮጠ። እናቱ ያን ስታይ ልቧ ተሸነፈ። በማግስቱ ጠዋት፣ ባዶ ጀርባዋን፣ ቁልቁለቱን እየተንደረደረች ወረደችና ፀሐይ ሳትወጣ ከአንበሳው ግቢ ደረሰች። «ይኸው! ለዚህ ነው ሩቅ የሚሉት?» አለች ለራሷ። የበቅሎዋን ምክር ረስታው አልነበረም፤ ግን እንደሚያስፈልግ አልታያትም።

የዚያን ዕለት ማታ ገባት። ሙሉ ቀን ድንጋይ ስታመላልስ ውላ፣ ገብሱን ተጭና ዳገቱን ስትጀምር ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ጠለቀች። ዋሻው ስትደርስ አመዴ እንቅልፍ ወስዶታል። ጠዋት ደግሞ ፀሐይ ሳትቀድማት ለመድረስ ዶሮ ሳይጮኽ መነሣት ነበረባት። ስትወጣም ልጇ ተኝቶ ነበር።

እንዲህ እያለ አንድ ሳምንት አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት መንገዱ ላይ ትልቅ ዱካ አየችና ቀበሮን ፈልጋ ያዘቻት።

«ይህ የጅብ ዱካ ነው!»

«የውሻ ነው እንጂ» አለች ቀበሮ። «ያውም የትልቅ ውሻ።»

አህያዋ ማመን ስለፈለገች አመነች። ለማንኛውም ብላ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሾህ ቅርንጫፍ እየጎተተች በየጠዋቱ የዋሻውን አፍ ዘጋች። ለአመዴም «ከዚህ እንዳትወጣ» የሚል ትእዛዝ ሰጠችው። ያ ወገብ የሚደርስ ሣር ያለበት ሜዳ ከደጅ ቀረ። አመዴ በእሾሁ ቀዳዳ ሲያየው ይውላል።

ዱካው በእርግጥ የጅብ ነበር። ጅብ ከዋሻው በታች ባለው ስርጥ ውስጥ ይኖራል፤ አገር ለቆ አያውቅም። አንድ ቀን አፍንጫው በእሾህ ተወግቶ እያለቀሰ ወደ ቀበሮ ሄደ።

«አንቺ አታላይ፣ ሥጋ መጣልህ ብለሽኝ አልነበር? ልጁ እሾህ ውስጥ ነው። እናቱን በየቀኑ በመንገዴ ስታልፍ አያታለሁ፤ እሷን ልብላት?»

«አንተ ጅል! እሷን ብትነካ ነገ ጠዋት ከአንበሳው ድንጋይ ተሸካሚዎች አንዷ ትጎድላለች። አንበሳው አጥንትህን ይለቅመዋል።»

«ታዲያ እኔ ምን ልብላ?»

«ልጁ ገና ተሸካሚ አይደለም። ማንም አይጠይቅህም።»

ጅብ ብዙ አሰበ። ማሰብ ስለሚያደክመው ተቀመጠ።

«እሾሁስ?»

«እሾሁን አትንካው» አለች ቀበሮ። «ብቻውን የሚውል ልጅ አንድ ቀን ራሱ ይወጣል። አንተ መንገዱ ላይ ሆነህ ጠብቅ። እኔን ደግሞ ከጭኑ ታካፍለኛለህ።»

ወር አለፈ። በዋሻው ጥግ የገብሱ ክምር እያደገ ሄደ። አህያዋ ማታ ማታ ገብሱን በአፍንጫዋ ነካ እያደረገች ትጽናና ነበር። ከርከሮ ጋ ብትሆን ኖሮ ይህ ግማሽ ይሆን ነበር፤ ክረምት ሲገባ ከሥራው አርፌ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ እበላዋለሁ ትላለች። ገላዋ ግን እየከሳ፣ ዓይኗ እየጎደጎደ ነበር። አንድ ቀን ድንጋይ እንደተጫነች ቆማ አንቀላፋችና ወደቀች።

በቅሎዋ አጠገቧ መጣች። «እኔ ጋ ግቡ» አለቻት። «እንጠጋጋለን። ልጅሽም ከነዚያ ግልገሎች ጋር ይውላል። ከርከሮ ቢጮኽም እኔ እመልስለታለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። አንድ ወር ብቻ ልታገሥ።»

«ልጁ ስንት ጥርስ አብቅሏል?»

አህያዋ አታውቅም ነበር።

አንበሳው በወር አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣል። በዚያ ቀን አመዴ ከእንቅልፉ ነቅቶ እናቱን አጠገቡ ሲያገኛት ማመን አቃተው።

«እማዬ፣ ዛሬ አትሄጂም?»

«አልሄድም።»

«ሜዳው ላይ እንሩጥ?»

«እሺ ልጄ፣ ትንሽ ጋደም ልበልና።»

ጋደም አለች። እሱ ተነሽ ሳይላት አጠገቧ ተቀምጦ ጠበቀ። ዝንቦቹን በጭራው እያባረረላት ዋለ። ስትነቃ ፀሐይ ገብታለች።

«እማዬ» አላት፣ «ነገ ስትመለሺ መንገዱ ላይ ልጠብቅሽ? እዚያ ከተገናኘን፣ ወደዚህ ስንወጣ ትንሽ እናወራለን።»

«እንዳታደርገው! ከዚህ እንዳትወጣ ብዬሃለሁ!» አለች ደንግጣ። ለምን እንደማይወጣ ግን አልነገረችውም። ብቻውን ሲውል እየፈራ እንዳይሣቀቅ ብላ የጅብን ስም በፊቱ ጠርታ አታውቅም።

ሦስት ቀን ቻለ። በአራተኛው ቀን ማምሻው ላይ፣ ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ፣ እናቱ ዳገቱን የምትጀምርበት ሰዓት መሆኑን ያውቃል። ዞሮ እሾሁን በኋላ እግሮቹ ደጋግሞ መታው። ቅርንጫፉ ተንሸራተተ። አመዴ ወጣ፤ ሜዳውንም ዞር ብሎ ሳያይ ቁልቁለቱን ወረደ።

መታጠፊያው ላይ ትከሻው ከፍ፣ ወገቡ ዝቅ ያለ አንድ እንስሳ ቆሟል። አመዴ እንደዚያ ያለ አይቶ አያውቅም። ታላቅ መስሎት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ።

«አባባ፣ እናቴን አይተዋታል? ገብስ ተጭናለች።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። ቀበሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣብሃል አላለችውም ነበርና ምን እንደሚመልስ ጠፋው።

«አይቻታለሁ» አለ በመጨረሻ። «ወዲህ ቀረብ በል።»

አመዴ ቀረበ።

አህያዋ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ የጠብ ድምፅ ሰማች።

«ጭኑስ? ጭኑ የታለ?» ትላለች ቀበሮ።

«ረሳሁት» ይላል ጅብ።

«አንተ ሆዳም! በልተህ ጨረስከው?»

አህያዋ መሬቱ ላይ የቀረውን አየች። ትንሽ ሰኮና ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሷም በደንብ አታስታውሰውም። የገብሱ ጭነት ከጀርባዋ ወርዶ በገደሉ ተበተነ። ጅብ መንጋጋው ተሰብሮ ወደ ስርጡ ሸሸ፤ ቀበሮም ጅራቷን ቆልፋ በቋጥኞቹ መካከል ጠፋች። ተራራው እስኪነጋ በአህያ ጩኸት ሲያስተጋባ አደረ። ታች ሾላዎቹ ሥር በቅሎዋ ሰምታ ቆማ አደረች።

ጠዋት አህያዋ አንበሳው ፊት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ልጄን ጅብ በላብኝ። በእርስዎ መንገድ ላይ ነው።»

አንበሳው ክፉ ንጉሥ አልነበረም፤ ግን ግቢው ከክረምት በፊት እንዲያልቅለት ይፈልጋል።

«አዝናለሁ» አላት። «ነገር ግን እኔ ገብስ እሰጥሻለሁ እንጂ መንገድ እጠብቅልሻለሁ ብዬ ቃል አልገባሁም። የት እንደምታድሪ የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ሦስት ቀን ዕረፍት ሰጥቼሻለሁ።»

አህያዋ ሦስቱን ቀን በበቅሎዋ ጉድጓድ ውስጥ ተኛች። በአራተኛው ቀን ከርከሮ ዘንድ ሄዳ ያችኑ ጠባብ ቦታ ተከራየች። ከርከሮ ሊከራከራት ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሷ ግን ዋጋ አልጠየቀችም። በቅሎዋ በተራራው ላይ የቀረውን የገብስ ክምር «ልሂድና ላምጣልሽ?» ስትላት አህያዋ «ይቅር» አለቻት።

በዚያ ቀን ሥራ ሲያበቃ ፀሐይ ገና ከሾላዎቹ በላይ ነበረች። ተሸካሚዎቹ ገብሳቸውን እየተቀበሉ ተበተኑ። ፍየሏ ግልገሎቿን በየስማቸው ስትጣራ፣ እነሱም እየተጋፉ ሲመጡባት ይሰማል። አህያዋ እስከ ጉድጓዷ ደጅ ሄደች። ቆመች። ቆይታ ቆይታ ዞረችና ወደ ግቢው ተመለሰች።

ገብስ የሚሰፍረው ዝንጀሮ ቁናውን እያጠበ ነበር።

«ድንጋይ የለም? የሚጫን አንድ ድንጋይ አይጠፋም» አለችው።

«እመት አህያ፣ የዛሬው ሥራ እኮ አልቋል» አላት ዝንጀሮ ተገርሞ። «ሂጂ ግቢ። አሁንማ ቤትሽ ቅርብ አይደል?»

«ቅርብ ስለሆነ ነው» አለች አህያዋ።

ዝንጀሮው ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ግን ፊቷን አይቶ አልጠየቃትም። ተነሥቶ ከክምሩ አንድ ድንጋይ መረጠና ጫናት።

ከዚህ የምንማረው፣ አዲስ አገር ገብተን ቤት ስንመርጥ የኪራዩን ማነስ ብቻ ሳይሆን መንገዱ በየቀኑ ከእኛና ከልጆቻችን ዕድሜ ላይ የሚወስደውንም አብረን መመዘን እንዳለብን ነው።