የነጋሪት ጎሳሚው ልብ

አንድ ንጉሥ አውላቸው የሚባል ነጋሪት ጎሳሚ ነበረው። አዋጅ በወጣ ቁጥር ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ቆሞ ሃያ ዓመት ጎሰመ። የጎሳሚዎች አለቅነት የሚገባው ለእርሱ ነበር፤ ሹመቱ ግን የነጋሪት ዱላ ጨብጦ ለማያውቅ ለአጋፋሪው አማች ተሰጠ። አውላቸው ነገሩን ዋጥ አድርጎ መጎሰሙን ቀጠለ። በዚያው ዓመት ልቡን ታሞ ከነጋሪቱ ሥር ወደቀ።

ሦስት ወር ተኝቶ ሲነሣ ያስታመመችው መድኃኒት አዋቂ እንዲህ አለችው፤

«ሥራህ ተመለስ፣ አልከለክልህም። ግን በቀን ከአንድ አዋጅ በላይ አትጎስም። ደረትህን ጨመቅ ሲያደርግህ ዱላውን አስቀምጥና ‹ደከመኝ› በል።»

«በሰው ፊት?»

«የወደቅከውስ በሰው ፊት አይደለም?»

በተመለሰ ዕለት ባልንጀሮቹ ከበቡት። «ተኝተህ አማረብህ እኮ! ምነው እኛም በታመምን» ብለው ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። የመጀመሪያውን አዋጅ በደህና ጎሰመ። ሁለተኛው ሲታዘዝ ደረቱ ተጨመቀ። መድኃኒት አዋቂዋ ያለችው «ደከመኝ» ምላሱ ላይ ደረሰ።

አለቃው፣ ያ የአጋፋሪው አማች፣ ቀደመው። «የታመመው ልብህ ነው፤ እጅህ ምን ሆነ? ካቃተህ ንገረን፣ ሰው አናጣም።»

በዚያ ሰው ፊት «ደከመኝ» ከማለት ሞት ቀለለው።

«ምንም አልሆንኩ፣ ጌታዬ» አለ።

ሁለተኛውን ጎሰመ። ሦስተኛውንም ጀመረ። ሦስተኛው አዋጅ ያው አለቃ ወደ ከፍተኛ ማዕረግ ማደጉን የሚያበስር ነበር። ነጋሪቱ መሐል ላይ ዝም አለ። አለቃው ዱላውን ከሬሳው እጅ አላቆ ለሌላ ሰጠ፤ አዋጁ ማለቅ ነበረበት።

በቀብሩ ላይ አለቃው ቆሞ፣ «ብርቱ ሰው ነበር። አንድም ቀን ደከመኝ ብሎ አያውቅም» ሲል አመሰገነው።

መድኃኒት አዋቂዋ ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ «የሞተበትን በሽታ ስሙን ጠራህልን» አለችው።

ወዳጄ፣ ከልብ ሕመም ተነሥተህ ወደ ሥራህ ስትመለስ፣ የበደለህን ሰው በጉልበትህ አሳፍራለሁ ብለህ አትነሣ። እሱ አያፍርም። ይሉኝታም ቢሆን ካንተ ጋር መቃብር አይወርድም። ልብህ የሚችለውን ያህል ሥራ፤ ባልቻለ ቀን ተናገር።

እስቲ ራስህን ጠይቅ፤ «ደከመኝ» ለማለት ያፈርከው ሰው ቀብርህ ላይ ስንት ደቂቃ ይቆማል?